የሩቅ ባሕር መድፍና የጅማ ቡና

ስለ ቻይና ሠራዊት መድፍና ሮኬት ለጅማ፤ ለአጋሮና ለሊሙ ገነት ሰው መጻፍ ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ እንደማይታጣ እናውቃለን። ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። በጥቅምት ወር የጎማ ገበሬ ሐሳብ ሁሉ በቀላው እሸት ቡና፤ በለቃሚ ሠራተኛና በዝናቡ ላይ ነው፤ በታይዋን የባሕር ሰርጥ ማን በማን ላይ መድፍ እንደ ጠመደ ለመስማት ጊዜ የለውም። ነገር ግን ቡናው የሚመዘነው በአጋሮ ሚዛን ቢሆንም፤ ዋጋው የሚቆረጠው ከባሕር ማዶ ነው። ያንንም ባሕር ለንግድ መርከብ ክፍት አድርጎ ማቆየት ወይም መዝጋት፤ በጦር መርከብና በሮኬት ባለቤቶች እጅ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለት ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን። አንደኛው፤ ቻይና ሠራዊቷን ባዘመነችባቸው ዓመታት፤ ከባሕር ወደ የብስ የሚወርድ ጦሯን በተኩስ ለመርዳት ያላት ችሎታ ከምን እንደ ደረሰ ነው። ሁለተኛው፤ ይህ ችሎታ በሥራ ላይ ቢውል በጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ምን ይደርስባቸዋል የሚለው ነው። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከባሕር ወጥቶ መዋጋት ከጦር ሥራ ሁሉ የከበደ መሆኑን የጦር ሊቃውንት ይስማሙበታል። በየብስ የሚዋጋ ወታደር ቢገፋ ወደ ኋላው ያፈገፍጋል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ከጀርባው መድፈኛ አለለት። ከጀልባ የወረደ ወታደር ግን ከኋላው ባሕር ነው፤ ከፊቱ ምሽግ ነው። በጀልባው ላይ ሳለ ማዕበል ስለሚንጠው አነጣጥሮ መተኮስ አይችልም። እንግዲህ አሸዋውን ረግጦ የራሱን መሣሪያ እስኪጠምድ ድረስ፤ ሌላ ሰው ሊተኩስለት ግድ ይሆናል። ይኸውም ከመርከብ፤ ከአይሮፕላን ወይም ከማዶ ከተተከለ መድፍ የሚመጣ ተኩስ ነው።

ችግሩ ያለው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። ጀልባው ወደ ዳር ሲቃረብ የራስን ሰው እንዳይመታ ተኩሱ መቆም ወይም ወደ ፊት መሻገር አለበት። ተኩሱ ከቆመበት ሰዓት አንሥቶ የመጀመሪያው ወታደር እስኪወርድ ያለው ጊዜ የተከላካዩ ጊዜ ነው። ከዋሻው ወጥቶ፤ አፈሩን አራግፎ፤ ከመትረየሱ ኋላ ይቀመጣል። በኅዳር ወር 1936 ዓ. ም. አሜሪካኖች በፓሲፊክ ውቅያኖስ ታራዋ ላይ ሲወርዱ፤ ያችን ጠባብ ደሴት መርከቦቻቸው ለሰዓታት ስለ ደበደቧት ሕይወት ያለው ነገር የቀረባት አልመሰላቸውም ነበር። ነገር ግን የጃፓን ወታደሮች በእንጨትና በአሸዋ በተሠራው ምሽጋቸው ውስጥ ተርፈው ቆዩአቸውና፤ በሦስት ቀን ውጊያ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን ሞቱ። ከዚያ በኋላ የወረደ ጦር ሁሉ የተማረው፤ ከጥይቱ ብዛት ይልቅ የተኩሱ ሰዓትና ቦታ በትክክል መያያዝ የሚበልጥ መሆኑን ነው።

በእኛም አገር ጠረፍ ይህን የመሰለ ነገር ታይቷል። ሰኔ 4 ቀን 1933 ዓ. ም. ከአደን የተነሣ የእንግሊዝና የሕንድ ጦር በመርከቦችና በአይሮፕላን ተኩስ እየተረዳ አሰብ ላይ ሲወርድ፤ ኢጣልያኖች በቀይ ባሕር ላይ የቀረቻቸውን የመጨረሻ ወደብ አጡ። እዚያ መከላከሉ ደካማ ስለ ነበረ ብዙ ደም አልፈሰሰም። ጅማም በዚያው ወር፤ ከዐሥር ቀን በኋላ፤ ሰኔ 14 ቀን፤ እነ ገረሱ ዱኪ ከከበቧት በኋላ ከኢጣልያ እጅ ወጣች። ሁለቱን ነገር አጠጋግተን የጠቀስነው አንዱ ለሌላው ምክንያት ሆነ ለማለት አይደለም። ከባሕር የራቀች የምትመስለው ጅማ ከወደብ ጋራ በአንድ የጦርነት ወር ውስጥ የተቈጠረችበት ጊዜ እንደ ነበረ ለማሳየት ነው።

የቻይና ጦር ትምህርት

አሁን ወደ ቻይና እንመለስ። በቤይጂንግ ያለው መንግሥት ታይዋን የግዛቴ ክፍል ናት ሲል፤ በኃይልም ቢሆን ለመመለስ ያለኝን መብት አልለቅም ይላል። ኢትዮጵያም በ1963 ዓ. ም. ከዚሁ መንግሥት ጋራ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከመሠረተች ወዲህ አንዲት ቻይናን ታውቃለች። እኛ እዚህ የምንመረምረው የመብቱን ነገር ሳይሆን የመሣሪያውን ነገር ነው።

የቻይና ሠራዊት የባሕር ማረፍን ነገር የተማረው በውድቀት ነው። በጥቅምት ወር 1942 ዓ. ም. ወደ 9 ሺህ የሚሆን ጦር ከዋናው ምድር በጣም ቅርብ በሆነችው በኪንመን ደሴት ላይ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወረደ። ጀልባዎቹ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋ ላይ ተጋድመው ቀሩና ተቃጠሉ፤ ተከታይ ጦር የሚያመጣ ጠፋ። በማዶ የነበረው መድፍም ሊያድናቸው አልቻለም። በሦስት ቀን ውስጥ ከወረዱት የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል፤ ያልሞተው ተማረከ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ታየ። ጥር 10 ቀን 1947 ዓ. ም. በጄኔራል ዣንግ አይፒንግ አዛዥነት ይጂያንግሻን የምትባለው ትንሽ ደሴት ስትያዝ፤ የቻይና ምድር ጦር፤ ባሕር ኃይልና አየር ኃይል ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድነት ሠሩ። ቦምብ ጣዮች መጡ፤ በአጠገቧ ካለች ደሴት የተተከለ መድፍ ደበደባት፤ ከዚያ በኋላ ጀልባዎቹ ተጠጉ። ደሴቲቱ በአንድ ቀን ወደቀች። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፤ ይህ ሁሉ የተሳካው ርቀቱ ለተራ መድፍ የሚደርስ ስለ ነበረ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ለነጋዴ ሰው ይበልጥ የሚገባ ነው። ከነሐሴ 17 ቀን 1950 ዓ. ም. ጀምሮ ቻይና ኪንመንን በመድፍ ደበደበች፤ በ44 ቀን ውስጥ ወደ 4 መቶ 70 ሺህ የሚጠጋ ጥይት እንደ ተተኮሰ ይነገራል። የሚወርድ ጦር አልነበረም። የተፈለገው ስንቅና ጥይት የሚያመላልሱትን መርከቦች ከደሴቲቱ ማራቅ ነበር። መርከቦቹ ግን በአሜሪካ ባሕር ኃይል አጃቢነት መንገዱን ከፈቱት፤ ደሴቲቱም አልተያዘች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እየተዘለለ ሲተኮስ ቆይቶ፤ በታኅሣሥ ወር 1971 ዓ. ም. ጨርሶ ቆመ። የኪንመን አንጥረኞች ከወደቀባቸው የመድፍ ብረት የወጥ ቤት ቢላዋ እየሠሩ ሲሸጡ መኖራቸው፤ ሰው ከምንም ነገር ገበያ እንደማያጣ ያሳያል።

የእኛም ወታደሮች የቻይናን ጦር በዓይናቸው አይተውታል። ከ1943 ዓ. ም. ጀምሮ በኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከቻይና እግረኛ ጋራ በኮረብታ ላይ ተዋግቶ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል፤ ከ500 በላይ ቆስሎበታል፤ የተማረከበት ግን የለም። በዚያን ጊዜ የቻይና ወታደር የሚታወቀው በሌሊት በእግሩ እየተሳበ በመምጣት፤ በሞርታርና በመድፍ ነበር፤ በግንባሩ የሚረዳው አይሮፕላንና ጦር መርከብ አልነበረውም። የእኛ የሌሊት ቃፊሮች ግን በከበባቸው ጠላትና በእነሱ መካከል የአሜሪካ መድፈኛ የእሳት አጥር እየሠራላቸው ተመልሰዋል። እንግዲህ የተኩስ ድጋፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያ ወታደር ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም።

ዛሬ ያለው መሣሪያ

ዛሬ ያለው የቻይና ሠራዊት ያ በእግሩ የሚሳበው አይደለም። በ2008 ዓ. ም. ሠራዊቱ በአምስት ታላላቅ የግንባር እዞች ሲከፈል፤ በታይዋን ፊት ለፊት ያለው የምሥራቁ እዝ የምድሩን፤ የባሕሩንና የአየሩን ኃይል በአንድ አዛዥ ሥር እንዲያውል ተደረገ። ከምድር ጦሩ ስድስት ብርጌዶች ከባሕር ለመውረድ የተዘጋጁ ሲሆኑ፤ የባሕር ኃይሉ እግረኛ ጦርም ከሁለት ብርጌድ ወደ ብዙ ብርጌድ አድጓል።

የሚወርደው ጦር ራሱ በውኃ ላይ እየሄደ የሚተኩስ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ አለው። ዓይነት 05 የሚባለው 105 ሚሊ ሜትር መድፍ ይዞ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በባሕር ላይ ይሮጣል። ይህ ያንን የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ባዶነት ለመሙላት የታሰበ ነው፤ ከሩቅ ያለው መድፍ ሲቆም ከጀልባው ያለው ይቀጥላል ማለት ነው። ሆኖም መድፉ አነስተኛ፤ ብረቱም ቀጭን ስለሆነ ጠንካራ ምሽግ ለመስበር ብቻውን የሚበቃ አይመስለንም።

ከዋናው ምድር የሚተኮሰው የረጅም ርቀት ሮኬት ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣ ነው። የባሕሩ ሰርጥ በጠበበበት ስፍራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ተራ መድፍ አይሻገረውም። ፒ ኤች ኤል 16 የተባለው በመኪና ላይ የሚጠመድ ሮኬት ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሄድ ይነገርለታል፤ በሐምሌ መጨረሻ 2014 ዓ. ም. በተደረገውም ልምምድ ከቻይና ጠረፍ የረጅም ርቀት ሮኬት ወደ ሰርጡ ተተኩሷል። በ1947 ዓ. ም. በአጠገብ ካለች ደሴት መተኮስ ግድ የነበረው፤ ዛሬ ከገዛ አገር ዳር ሆኖ የሚደረግ ሆኗል።

በባሕር ላይ ደግሞ ዓይነት 055 የሚባሉ ከ10 ሺህ ቶን በላይ የሆኑ ጦር መርከቦች አሉ። እያንዳንዱ 112 የሚሳይል ማስወንጨፊያና አንድ 130 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው። ዓይነት 075 የሚባሉት ከ30 ሺህ ቶን በላይ የሚከብዱት መርከቦች፤ የመጀመሪያቸው በሚያዝያ 2013 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው፤ ሄሊኮፕተርና ጀልባ ተሸክመው ይሄዳሉ። ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ. ም. በሻንጋይ ወደ ባሕር የወረደው ሲቿን የተባለው መርከብም ሰው አልባ አይሮፕላን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያስፈነጥር መሣሪያ አለው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ነገሩ አለቀ ይላል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። መርከብ በ130 ሚሊ ሜትር መድፍ ለመምታት ከዳሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መቅረብ አለበት፤ በዚያ ርቀት ደግሞ ታይዋን ከየብስ የምትተኩሰው ፀረ መርከብ ሚሳይልና በባሕር የምትቀብረው ፈንጂ ያገኘዋል። ራቅ ብሎ በሚሳይል ይምታ ቢባል፤ ሚሳይል ውድ ነው፤ ቍጥሩም የተወሰነ ነው። የራዳር ጣቢያና የአይሮፕላን ማረፊያ ለማፍረስ ይሁነኝ ይባላል እንጂ፤ በየጉድጓዱ የተሸሸገውን መትረየስ ለሰዓታት አንገቱን ለማስደፋት አይወጣለትም። አንገት ለማስደፋት የሚያስፈልገው ርካሽና ብዙ ጥይት ነው። ያን የሚሰጠው መድፍ ደግሞ ሰርጡን አይሻገርም። ሮኬቱና ሰው አልባው አይሮፕላን ይህን ክፍተት እንዲሞሉ ተፈልጓል፤ መሙላታቸው ግን በጦርነት ገና አልተፈተነም።

ሌላም ነገር አለ። በባሕር ዳር የወደቀ አንድ ሻምበል ከፊቱ ያለውን ምሽግ ለማስመታት ለመርከቡ፤ ለአይሮፕላኑና በማዶ ላለው ሮኬት በአንድ ቋንቋ መናገር መቻል አለበት፤ ያውም ጠላት ሬዲዮውን እያወከበት። ይህ መሣሪያ በመግዛት የሚገኝ አይደለም፤ ከዓመታት ልምምድና ከአዛዦች መተማመን የሚገኝ ነው። ቻይና ከ1971 ዓ. ም. የቬትናም ዘመቻና ከዚያ በኋላ ከነበሩት የጠረፍ ግጭቶች ወዲህ ትልቅ ጦርነት አልተዋጋችም። በሐምሌ 2015 ዓ. ም. የሮኬት ኃይሏ አዛዦች በድንገት መለወጣቸውም በዚህ ክፍል ውስጥ ችግር መኖሩን አመልክቷል።

ባጠቃላይ እንደ እኛ አስተያየት፤ እንደ ኪንመን ባሉ ቅርብ ደሴቶች ላይ የቻይና የተኩስ ድጋፍ ከበቂ በላይ ነው። በትልቂቱ ደሴት ላይ ግን ነገሩ ገና ያልተፈታ ዕዳ ነው። አንድ አዛዥ ባላለቀ መሣሪያ ሊወርድ ካልደፈረ፤ ባለው መሣሪያ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ይቀረዋል። እርሱም እንደ 1950 ዓ. ም. ሳይወርዱ መተኮስ፤ ማለት የባሕሩን መንገድ መዝጋት ነው። እኛን የሚነካንም ከመውረዱ ይልቅ ይህኛው ነው።

ሮኬቱ ከቡናው የሚገናኝበት

በንግድ ባሕር ላይ መርከብን ለማስቆም መርከብ መምታት አያስፈልግም። አንድ የልምምድ ክልል በካርታ ላይ ሲከበብ፤ አንድ ሮኬት ባዶ ውኃ ላይ ሲወድቅ፤ የለንደን ኢንሹራንስ ሰጭዎች የጦርነት ክፍያ ይጨምራሉ፤ የመርከብ ኩባንያውም መንገዱን ይለውጣል። ይህን ከሩቅ መፈለግ የለብንም። ከኅዳር 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከብ ማጥቃት ሲጀምሩ፤ ታላላቆቹ የኮንቴይነር ኩባንያዎች ባብ ኤል መንደብን ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ የኤውሮፓና የእስያ ጉዞ በሳምንታት ረዘመ። ከዚያ በፊትም የስዊዝ ቦይ ከ1959 እስከ 1967 ዓ. ም. ስምንት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ቆይቷል። ያን ጊዜ ከአሰብና ከጅቡቲ ወደ ኤውሮፓ የሚሄድ ዕቃ አፍሪካን ዞሯል።

የጅማ ቡና መንገድ እንደሚታወቀው ጠባብ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን ከሂርማታ ገበያ በበቅሎ ይወጣ የነበረው፤ ዛሬ በጭነት መኪና የጊቤን ሸለቆ ተሻግሮ፤ በወልቂጤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ተበጥሮና ተለቅሞ በኮንቴይነር ሲታሸግ፤ በመኪና ወይም በ2009 ዓ. ም. በተመረቀው፤ የቻይና ኩባንያዎች በሠሩት የባቡር መንገድ ጅቡቲ ይወርዳል። በ1990 ዓ. ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ አሰብ ከተዘጋብን ወዲህ፤ ከሞላ ጐደል ሁሉ ነገራችን የሚያልፈው በዚህች አንዲት በር ነው።

በዚያች በር ላይ ደግሞ ሐምሌ 25 ቀን 2009 ዓ. ም. ቻይና ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያውን የጦር ሠፈሯን ከፍታለች። ሠፈሩ የሚገኘው በዶራሌ ወደብ አጠገብ ሲሆን፤ ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝም የመርከብ መቆሚያ ተሠርቶለታል። ያ መቆሚያ ወታደርና ተሽከርካሪ የሚያወርዱትን ትላልቅ መርከቦች የሚቀበል ነው። በ2016 ዓ. ም. መጨረሻም ቻይና ከታንዛንያና ከሞዛምቢክ ጋራ ባደረገችው ልምምድ እንደነዚህ ያሉ መርከቦቿ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ መጥተዋል። በዚያችው በትንሿ ጅቡቲ የአሜሪካ፤ የፈረንሳይና የጃፓን ጦር ሠፈር አለ። እንግዲህ በታይዋን ሰርጥ አንዱ በአንዱ ላይ ሊተኩስ የሚችለው ኃይል ሁሉ፤ የአጋሮ ቡና በሚጫንበት ወደብ ዙሪያ ጎረቤት ሆኖ ተቀምጧል። እዚህ ይዋጋሉ ብለን አናስፈራራም፤ ለማንኛቸውም ጥቅም የለውምና። ነገር ግን እርስ በርስ መጠባበቅ፤ ፍተሻና የወደብ መጨናነቅ ሊመጣ እንደሚችል መገመት ሞኝነት አይሆንም።

ከበሩ ወጥቶስ ቡናው ወዴት ይሄዳል? በ2017 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከ460 ሺህ ቶን በላይ ቡና ልካ ከ2 ነጥብ 6 ቢልዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ከገዢዎቻችን መካከል ሳዑዲ ዓረቢያ፤ ጀርመን፤ ቤልጂግና አሜሪካ አሉ። ከእነሱ ጋራ ጃፓን፤ ደቡብ ኮርያ፤ ቻይናና ታይዋን ተሰልፈዋል። የእነዚህ የአራቱ ወደቦች በሙሉ የሚገኙት፤ ሮኬት ሊወድቅበት በሚችለው ባሕር ዳር ወይም በዚያ በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ ነው። ቻይና ሻይ ጠጪ ብቻ ነበረች፤ አሁን ግን ወጣቶቿ ቡና ስለ ለመዱ ገበያዋ በጥቂት ዓመት ውስጥ አድጎልናል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ አደጋውንም ያሰፋው ይኸው ነው።

አንድ ገዢ ብቻ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በ2000 ዓ. ም. አይተናል። ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከወሰነችው በላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ርዝራዥ አገኘሁ ብላ ስትቈጣጠር፤ ይገዛ የነበረው ብዛት በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ፤ ምክንያቱም ከጆንያው ሊሆን እንደሚችል ተነገረ። ያን ጊዜ የተዘጋው የአንድ አገር ገበያ ነበር፤ መርከቡም መንገዱም ደኅና ነበረ።

ነገሩን በፈረሱላ እንቍጠረው። አንድ አነስተኛ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ይይዛል፤ ይኸውም 192 ኩንታል፤ በጅማ ሚዛን ከ1 ሺህ 1 መቶ ፈረሱላ በላይ ነው። ግማሽ ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ በዓመት 3 ኩንታል ንጹሕ ቡና ያገኛል ብንል፤ አንድ ኮንቴይነር የ64 አባወራ የዓመት ድካም ነው። ይህ ኮንቴይነር በዶራሌ አንድ ወር ቢቆም፤ ላኪው ከባንክ የተበደረው ገንዘብ ወለዱ እየቈጠረ ይቆማል። ላኪው ካልተከፈለው ለአቅራቢው አይከፍልም፤ አቅራቢው ካልተከፈለው ለሰብሳቢው አይከፍልም፤ ሰብሳቢውም ገበሬውን በሚቀጥለው ሳምንት ና ይለዋል።

እዚህ ላይ በጅማ ዙሪያ ካሉት ከተሞች ሁሉም እኩል እንደማይጎዱ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህም ነገር ከሮኬቱ ርቀት ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለናል። በቡና ላይ ሁለት ዓይነት ገበሬ አለ። አንደኛው ቡናውን በአልጋ ወይም በአውድማ አድርቆ ጀንፈል አድርጎ በቤቱ የሚያኖር ነው። ጀንፈል ከነልብሱ ያለ ስለሆነ፤ እርጥበት ካልነካው ወራት ይቆያል፤ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ለብዙ ቤተሰብ ከባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ማለት ነው። ሁለተኛው በሊሙ፤ በጌራና በጎማ ለማጠቢያ ጣቢያ ቀይ እሸት የሚሸጥ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። የጀንፈል ባለቤት ገበያው ሲከፋ ልጠብቅ ሊል ይችላል፤ የእሸት ባለቤት ግን ማታውኑ በተሰጠው ዋጋ መሸጥ ወይም አልጋ ፈልጎ ማድረቅ አለበት። ባለፉት ዓመታት ጥራት እንዲሻሻል፤ ዋጋም እንዲጨምር እሸት አዘጋጁ፤ እጠቡ ተብሎ ተመክሯል፤ ምክሩም ትክክል ነበር። ነገር ግን በደኅና ጊዜ የሚያተርፈው መንገድ በክፉ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ነው። የማጠቢያ ጣቢያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአንድ ወቅት እሸቱን በሙሉ ሊያደርቁበት የሚችል ትርፍ የማድረቂያ አልጋ አላቸው ወይ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የጦር ጥያቄ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የወሩም ነገር አለ። የታይዋን ሰርጥ በክረምት ነፋሱ፤ በበጋ ማዕበሉ ስለሚያስቸግር፤ ጦር ለማውረድ የሚመቸው ጊዜ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያና ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ መሆኑን ባለሙያዎች ይናገራሉ። የመጀመሪያው በእኛ ዘንድ ቡና በብዛት ወደ ወደብ የሚወርድበት ወቅት ነው። ሁለተኛው በጅማ ዙሪያ ለቀማ የሚጀመርበት፤ ጣቢያዎች ገንዘብ ይዘው ለመግዛት የሚሰለፉበት ነው። የተፈጥሮ አጋጣሚ እንጂ ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ሆኖም ክፉው ነገር ቢመጣ፤ የሚመጣው እጃችን በቡና ተይዞ ሳለ ነው።

የእስያ በር ሲዘጋ ወደ ኤውሮፓ እንዞራለን የሚሉ አሉ። የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ብራዚልና ቬትናምም በዚያው ሰዓት ወደዚያው ይዞራሉና ዋጋው ይወርዳል። ኤውሮፓም ቡናው ደን ተመንጥሮ ያልበቀለ መሆኑን ከየማሳው በካርታ ነጥብ እያስመሰከራችሁ አምጡ የሚል ሕግ አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢዘገይም ሕጉ አልተሻረም። በጥላ ዛፍ ሥር ቡናውን የሚያበቅለው የጎማና የጌራ ገበሬ በዚህ ሕግ መከሰስ የሚገባው አይደለም፤ ግን ማስረጃው የሚዘጋጀው በሰላሙ ጊዜ ነው፤ መርከብ ቆሞ ሳለ ማሳ መለካት አይጀመርም።

በአገር ውስጥ ያለው ጠጪ ግን አይናቅም። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ይህን ያህል የሚጠጣ ሕዝብ ያለው ቡና ላኪ አገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የባሕር መንገድ ቢዘጋ ቡናችን መሬት አይፈስም፤ የሚጠፋው የውጭ ምንዛሪው ነው። በዚያ ምንዛሪ የሚገዛው ነዳጅና ማዳበሪያም በዚያው በጅቡቲ በር የሚገባ ነው።

በ2013 ዓ. ም. የመጀመሪያ መቆሚያው ሥራ የጀመረው የኬንያው የላሙ ወደብ፤ እንዲሁም በርበራ ለደቡብ ምዕራብ ቡና ሁለተኛ በር ሊሆኑ ይችላሉ ተብሎ ብዙ ተጽፏል። በካርታ ላይ ነገሩ ያምራል። ነገር ግን ከጅማ ወደ ላሙ የሚሄድ ሹፌር የሚያድርበት፤ ነዳጅ የሚቀዳበትና ኮንቴይነሩን የሚያስረክብበት የተደራጀ መሥመር ከሌለ፤ በር የሚለው ስም ብቻውን ቡና አያሳልፍም። ሁለተኛ በር በየዓመቱ ጥቂት ኮንቴይነር እየላኩ የሚለማመዱት ነገር ነው፤ ልክ ቻይናዎቹ የማያወርዱትን ጦር በየዓመቱ በየደሴቱ እንደሚያለማምዱት።

ለጊዜው በጅማ ያሉ አቅራቢዎችና ማኅበራት ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ነገር የሽያጭ ውላቸውን ማንበብ ነው። አብዛኛው ቡናችን የሚሸጠው በጅቡቲ መርከብ ላይ ርክክብ በሚል ውል ሲሆን፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመርከብ ኪራይና የባሕር ኢንሹራንስ በገዢው ላይ ነው። መርከቡ ካልመጣ ግን ርክክብ አልተፈጸመም፤ ቡናውም አሁንም የሻጩ ነው። የመጋዘኑን ኪራይ፤ የኮንቴይነሩን የመዘግየት ክፍያና የባንኩን ወለድ በዚያ ጊዜ ማን ይከፍላል የሚለው በብዙ ውል ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ፤ የሚከፍለው ቡናው በእጁ ያለው ነው። የመጪው ዓመት ውል የሚጻፈው ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፤ ይህን ለማስገባት ያለው ጊዜ እስከ መስከረም ነው።